ምዕራፍ 4፦ ቀዳዳውን ማየት

ኪሮሽ ሊማር የተቀመጠ ሰው ዓይኑን የሚተክለው ክሩ ላይ ነው። ክሩ እንዳያመልጠው፣ እንዳይላላበት፣ እንዳይወሳሰብበት ሲጨነቅ ቀዳዳውን ሳያየው ያልፋል። በዚህ ምዕራፍ የምንሠራው ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ፣ በውጭ አገር «የአያት ካሬ» የሚባለው፣ የሚያድገው ግን በቀዳዳ ነው። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ኪሮሹ የሚገባው ባለፈው ዙር ሆን ተብሎ በተተወ ክፍት ቦታ ውስጥ ነው። ቀዳዳው የት እንዳለ፣ የጎን ይሁን የማዕዘን የለየ ጀማሪ ካሬውን ይዞታል። ሌላው ሁሉ የእጅ ልምምድ ነው፤ እጅ ደግሞ በመደጋገም ይገራል።

ቀዳዳ ማየትን ለመማር ከሐዋሳው አሞራ ገደል የተሻለ ቦታ አላውቅም። ጠዋት ወደዚያ የሚወርደው ሰው አብዛኛው አሳ ሊበላ ወይም አባ ኮዳ የሚባሉትን ወፎች ሊያይ ነው። ጀልባዎቹ ከሐይቁ ሲመለሱ ቆሮሶውና አምባዛው ከመረብ እየተላቀቀ ይወርዳል፤ ቢላ የያዙት እየገፈፉ የሚጥሉትን አባ ኮዳዎቹ ክንፋቸውን አጥፈው ይጠባበቃሉ። ከግርግሩ ትንሽ ወጣ ብላችሁ መረቡን ዘርግቶ የሚጠግን ሰው ካገኛችሁ አጠገቡ ተቀመጡና እጁን ተመልከቱ። የመረቡን ጫፍ በእግሩ አውራ ጣት ወጥሮ ይይዛል። የተበጠሰውን ክር እስከ ጤነኛው ቋጠሮ ድረስ ቆርጦ ያነሳል። ክር የተጠቀለለበትን ጠፍጣፋ መርፌ በላይኛው ቀዳዳ ያሾልክና በጣቱ ለክቶ ይቋጥራል፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን፣ ከዚያም ቀጥሎ ያለውን። በጣቱ የሚለካው የክሩን ርዝመት ይመስላል እንጂ የቀዳዳውን ስፋት ነው።

ስፋቱ ከተበላሸ መረቡ ሥራውን አይሠራም። አሳው በመረቡ ቀዳዳ ጭንቅላቱን ያሾልካል፤ ሰውነቱ አያልፍም፤ ወደ ኋላ ልመለስ ሲል ስንጥቡ ላይ ይያዛል። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ትንንሹ ቆሮሶ አልፎ ሄዶ ያድጋል፣ ይራባል። ከጠበበ ገና ያልወለደውም ይለቀማል፤ በሐዋሳ ሐይቅ አሳ ላይ የሚጨነቁ ሰዎች ስለ መረብ ቀዳዳ መጥበብ የሚናገሩት ለዚህ ነው። መረብ ጠጋኙ በክር ቀዳዳ እንደሚያበጅ ሁሉ ኪሮሽ የሚይዝ እጅም እንዲሁ ያደርጋል።

አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ፤ ለጀማሪ የሚጠቅመውም እሱ ነው። መረብ ውስጥ እያንዳንዱ ማዕዘን የራሱ ቋጠሮ አለው። አንዱ ቢበጠስ ጎረቤቱ አይነቃነቅም። የኪሮሽ ሥራ ግን ቋጠሮ የለውም ማለት ይቻላል፤ መጀመሪያ ላይ አንድ አለ፣ መጨረሻ ላይ አንድ አለ። በመካከል ያለው ሁሉ እርስ በርሱ የተያያዘ ቀለበት ነው፣ ሁሉንም ደግፎ የያዘውም ኪሮሹ ላይ ያለችው አንዲት ቀለበት ናት። ኪሮሹን አውጥታችሁ ክሩን ብትስቡ ሥራው ዙር በዙር ይፈታል፤ ክሩም ደህና ሆኖ እጃችሁ ላይ ይመለሳል። የተቆረጠ ጨርቅ አይመለስም፣ ጥልፍም ሲፈታ ጨርቁን ያቆስላል። በኪሮሽ ግን ተሳስቶ መመለስ ምንም ዋጋ አያስከፍልም።

እዚያው ሐይቁ ዳር ጀበና ቡና ጥደው ደንበኛ በሚጠብቁ እናት አጠገብ አንዲት የጎረቤት ልጅ ኪሮሽ ስትለማመድ አይቻለሁ። ልጅቱ ሥራዋን ወደ ብርሃኑ ዘረጋችና ፊቷ ጠቆረ። «እትዬ፣ አንዱን ዘልዬዋለሁ መሰለኝ። ልፍታው?» ሴትየዋ ሲኒውን እያለቀለቁ፣ ቀና እንኳን ሳይሉ፣ «ፍቺው የኔ ልጅ፤ ክሩ የት ይሄድብሻል?» አሏት። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም።

መረብና ኪሮሽ ዝምድናቸው በሩቁ አይደለም። በየቤታችን ሶፋ ጀርባ ላይ፣ ቴሌቪዥንና ራዲዮ ላይ፣ በረከቦት ሥር የምናውቀውን ዳንቴል አስታውሱ። ከመካከሉ አንዱ ዓይነት ትንንሽ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ተደርድረውበት፣ አንዳንዶቹ ተሞልተው ፒኮክ ወይም አበባ ወይም ጽሑፍ የሚያወጡበት ነው። አውሮፓ ውስጥ ይህ ዓይነት ዳንቴል ሲጀመር መደቡ እውነተኛ መረብ ነበር፤ ልክ እንደ አሳ መረብ በጠፍጣፋ መርፌ እየተቋጠረ ይሠራና ሥዕሉ ከላዩ በመርፌ ይሞላል። ኪሮሽ ሲመጣ ያንኑ መልክ ያለ ቋጠሮ፣ በአንድ መሣሪያ፣ ባጠረ ጊዜ አስገኘ። የእናቶቻችን ፒኮክ ከአሳ አጥማጁ መረብ ጋር የሚገናኘው በዚህ በኩል ነው።

ኪሮሽ እንደምናስበው ጥንታዊ ሙያ አይደለም። ታትመው ከሚታወቁት የኪሮሽ ንድፎች ቀዳሚዎቹ የወጡት «ፔኔሎፔ» በተባለ የሆላንድ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1823 ነው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ አየርላንድ ውስጥ ድንቹ በበሽታ ጠፍቶ ረሃብ ሲገባ መነኮሳይያት ለሴቶችና ለልጆች ኪሮሽ አስተማሩ፤ ሥራው በየአገሩ እየተሸጠ ብዙ ቤተሰብ ከሞት ተረፈበት። የካሬው ንድፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1885 «ፕሬይሪ ፋርመር» በሚባል የአሜሪካ ገበሬዎች ጋዜጣ ላይ ታትሞ ይገኛል። ምክንያቱ ቁጠባ ነበር፤ ከሹራብ የተረፈች ብጣሽ ክር ለብቻዋ ምንም አትሠራም፣ ለአንድ ዙር ግን ትበቃለች። ዙር ከዙር፣ ካሬ ከካሬ እየተጋጠመ ብርድ ልብስ ይሆናል።

ሌላው ስለዚህ ሙያ ሊታወቅ የሚገባው፣ ማሽን እስከ ዛሬ አለመተካቱ ነው። ሐዋሳ የጨርቅ ከተማ ናት፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት፣ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርኳም ለውጭ ገበያ ልብስ ይሰፋል። ሹራብና የቲሸርት ጨርቅ በማሽን ይሠራል፣ ምክንያቱም ቀለበቶቹ በሙሉ በመርፌዎች መደዳ ላይ ተሰድረው ቦታቸውን ይጠብቃሉ። ኪሮሽ ግን አንድ መሣሪያ ብቻ ይዞ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን ይሄዳል፤ የሚቀጥለውን ቀዳዳ በየጊዜው በዓይንና በጣት ፈልጎ ማግኘት አለበት። ስለዚህ ገበያ ላይ የምታዩት እውነተኛ የኪሮሽ ቀሚስ ወይም ቦርሳ የትም አገር ይሠራ፣ ሰው በእጁ የሠራው ነው። ዋጋው ርካሽ ከሆነ የረከሰው የዚያ ሰው ጉልበት ነው። ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል፤ እናንተም አንድ ካሬ ከጨረሳችሁ በኋላ በዋጋ ላይ የምትከራከሩት ክርክር የሚለወጥ ይመስለኛል።

ወደ መሣሪያው እንግባ። ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጥበት ዋናው ምክንያት ቤት ውስጥ ባገኘው ኪሮሽ መጀመሩ ነው። እሱ አብዛኛውን ጊዜ ለዳንቴል ክር የተበጀ፣ ውፍረቱ 1 ወይም 1.5 ሚሊሜትር የሆነ ቀጭን ብረት ነው። በዚያ ላይ ነጭ ቀጭን ክር ሲጨመር ያልለመደ ዓይን ቀዳዳውን ጨርሶ አያየውም። 4 ወይም 5 ሚሊሜትር የሆነ ኪሮሽና መካከለኛ ውፍረት ያለው የሹራብ ክር ያዙ። ክሩ ለስላሳ፣ ጸጉር የሌለው፣ ቀለሙም ፈካ ያለ ይሁን። ጥቁር ክር ለጊዜው ይቅር። ወፍራም ኪሮሽ ካጣችሁ ቀርከሃ አለ፤ የሲዳማ ደጋ ቀርከሃ ሞልቶታል። የጣት ያህል ረጅም ሳይሆን የእርሳስ ያህል የሆነ ስንጣሪ ወስዳችሁ ጫፉን እንደ መንጠቆ ቅረጹና በብርጭቆ ወረቀት ደጋግማችሁ አለስልሱት። ሻካራ ከሆነ ክሩን ይሰነጥቀዋል። ከብስክሌት ጎማ ሽቦ የተሳለ ኪሮሽ የሚጠቀሙም አሉ፣ እሱ ግን ለዳንቴል እንጂ ለካሬያችን ይቀጥናል።

ሰንሰለት መሥራትን ባለፈው ምዕራፍ አይተናል። ዛሬ የሚያስፈልገን አንድ ተጨማሪ ነገር ነው፤ ቋሚ እንበለው። ክሩን አንድ ጊዜ በኪሮሹ ላይ ጠምጥሙ። ኪሮሹን ቀዳዳው ውስጥ አስገቡና ከወዲያ በኩል ክሩን ይዛችሁ ውጡ። አሁን ኪሮሹ ላይ ሦስት ቀለበት አለ። ክሩን ጠምጥማችሁ በሁለቱ ውስጥ አሾልኩ፣ ሁለት ይቀራል። እንደገና ጠምጥማችሁ በሁለቱም አሾልኩ፣ አንድ ይቀራል። አንድ ቋሚ ቆመ። ሦስት ቋሚ በአንድ ቀዳዳ ውስጥ ጎን ለጎን ሲቆሙ ዘለላ እንላቸዋለን። የአያት ካሬ ከዘለላና ከሰንሰለት በቀር ሌላ ነገር የለውም።

መጀመሪያ አራት ሰንሰለት ሥሩ። ኪሮሹን በመጀመሪያዋ ሰንሰለት አስገብታችሁ ክሩን በሁሉም ውስጥ ጎትቱት፤ ትንሽ ቀለበት ተፈጠረች። ከዚህ በኋላ የመጀመሪያውን ዙር የምትሠሩት በዚች ቀለበት መሃል እንጂ በሰንሰለቱ ክር ላይ አይደለም። ጀማሪ እዚህ ላይ ክሩን ሊወጋ ይሞክራል፤ ተዉት፣ ቀዳዳው ሰፊ ነው። ሦስት ሰንሰለት ወደ ላይ ውጡ፤ እሷ በአንድ ቋሚ ቦታ ትቆጠራለች። ሁለት ቋሚ ጨምሩ፣ አንድ ዘለላ ሞላ። ሁለት ሰንሰለት ሥሩ፤ ይህ ማዕዘን ነው። ዘለላ፣ ሁለት ሰንሰለት፣ ዘለላ፣ ሁለት ሰንሰለት፣ ዘለላ፣ ሁለት ሰንሰለት። መጀመሪያ በወጣችሁባት በሦስቷ ሰንሰለት አናት ላይ ኪሮሹን አስገብታችሁ ዙሩን ዝጉ። አራት ዘለላ፣ አራት ማዕዘን። ቅርጹ ገና ክብ ይመስላል፣ አይግረማችሁ።

ሁለተኛው ዙር የካሬውን ሕግ ያሳያል። ቀለም መቀየር ከፈለጋችሁ የፊተኛውን ክር ቁረጡና በመጨረሻዋ ቀለበት ውስጥ አሳልፋችሁ ሳቡት፤ አዲሱን በአንዱ ማዕዘን ቀዳዳ ጀምሩ። በእያንዳንዱ የማዕዘን ቀዳዳ ውስጥ አንድ ዘለላ፣ ሁለት ሰንሰለት፣ እንደገና አንድ ዘለላ ይገባል። ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ስትሻገሩ አንድ ሰንሰለት ብቻ። ዙሩ ሲዘጋ ስምንት ዘለላ ይኖራል፣ ካሬውም ካሬ መምሰል ይጀምራል። በሦስተኛው ዙር አዲስ ቀዳዳ ታገኛላችሁ፤ በማዕዘኖቹ መካከል፣ አንዷ ሰንሰለት የሠራችው የጎን ቀዳዳ። እሱ አንድ ዘለላ ብቻ ይወስዳል። ማዕዘን ሁለት፣ ጎን አንድ፤ ከዚህ በኋላ ካሬው ክፍል የሚያህል ቢሆን እንኳን ሕጉ አይለወጥም። በአምስተኛው ዙር ሃያ ዘለላ ይኖራችኋል፣ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ሲደመር ስልሳ ዘለላ፣ ማለትም 180 ቋሚ።

ይህ ነገር ለምን ጠፍጣፋ ሆኖ እንደሚተኛ ብዙ ጊዜ አሰላስያለሁ። እንደ ሳህን ሊጎደጉድ፣ እንደ ጎመን ቅጠል ሊጨማደድ ይችል ነበር። መልሱ ቁጥሩ ውስጥ አለ። አንድ ቋሚ ቁመቱ የወርዱን እጥፍ ያህል ነው። ካሬው አንድ ዙር ሲጨምር እያንዳንዱ ጎን በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ቁመት ይረዝማል፤ አራቱ ጎን ሲደመር ስምንት ቁመት ይሆናል። ስምንት ቁመት አሥራ ስድስት ወርድ ነው። አሁን በየዙሩ የጨመርነውን ቁጠሩ፤ አራት ዘለላ ማለት 12 ቋሚ፣ በጎኖቹ ላይ ደግሞ 4 ነጠላ ሰንሰለት። 16። ይህን ሚዛን ያገኙት ወረቀት ይዘው ያሰሉ ሰዎች አይመስሉኝም፤ እየፈቱ እየሠሩ እጃቸው ያገኘው ነው። ክብ ዳንቴል ላይም ይኸው ሒሳብ አለ፤ የክብ ዙሪያ በየዙሩ ከስድስት ቁመት ትንሽ በለጥ ብሎ ስለሚያድግ በቋሚ የሚሠራ ክብ በየዙሩ ወደ 12 ቋሚ ይጨመርለታል። ከእናታችሁ ዳንቴል አንዱን አንስታችሁ ከመሃሉ ጀምራችሁ ቁጠሩት፤ ታገኙታላችሁ።

ሚዛኑ ሲዛባ ሥራው ራሱ ይነግራችኋል። ጠርዙ ወደ ላይ ተነስቶ እንደ ሳህን ከጎደጎደ የዘለላችሁት ቀዳዳ አለ፣ ወይም እጃችሁ ጠብቋል። ጠርዙ ከተጨማደደ በአንድ ቀዳዳ ውስጥ ሊኖር ከሚገባው በላይ አስገብታችኋል። ዳይና ታይሚና የተባለች በላትቪያ የተወለደች የሒሳብ ምሁር ይህን መጨማደድ ለትልቅ ጉዳይ አውላዋለች። እ.ኤ.አ. በ1997 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሳለች በየዙሩ ሆን ብላ እያበዛች በኪሮሽ ሠርታ ሃይፐርቦሊክ የሚባለውን የሒሳብ ገጽ ተማሪዎች በእጃቸው የሚዳስሱት ነገር አደረገችው። ከዚያ በፊት የነበረው የወረቀት ሞዴል በቶሎ ይቀደድ ነበር።

በጣም የሚበዛው ስህተት ግን ከሒሳብ ጋር አይገናኝም፤ ማዕዘን መርሳት ነው። ወሬ እየሰሙ ሲሠሩ አንዱ ማዕዘን አንድ ዘለላ ብቻ ገብቶለት ያልፋል፣ ከሁለት ዙር በኋላ ካሬው ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ እያንዳንዱን ዙር ከመዝጋታችሁ በፊት አራት ማዕዘን መኖሩን በጣት ቁጠሩ። ሁለተኛው፣ ክርን አጥብቆ መያዝ ነው። ትከሻችሁ ከተነሳና ጣታችሁ ከነጣ አቁሙ። ክሩ በአመልካች ጣት ላይ ተንሸራቶ እንዲያልፍ እንጂ እንዲታሰር አታድርጉት። ግራኝ ከሆናችሁ ደግሞ ማንም ወደ ቀኝ አይመልሳችሁ፤ ካሬው በሌላው አቅጣጫ ይዞራል እንጂ ልዩነት የለውም።

የክር ጫፎችን መደበቅ ሁሉም የሚሰለቸው ሥራ ነው፣ እኔም አልወደውም፣ ግን መታለፍ የለበትም። ጫፉ ደነዝ በሆነ መርፌ ክሩን በዘለላዎቹ ሥር ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ከዚያ ወደ ኋላ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ፊት አሳልፉት። አንድ ጊዜ ብቻ የተሳበ ጫፍ በመጀመሪያው እጥበት ይወጣል፣ እንዳልነውም አንዷ ቀለበት ከተፈታች ሌላው ይከተላል። ካሬዎቹን ከመገጣጠማችሁ በፊት አርጥባችሁ፣ ወፍራም ጨርቅ ላይ በአራቱም ማዕዘን በስፒል ወጥራችሁ አድርቋቸው። እኩል ያልነበሩት እኩል ይሆናሉ።

ለመጀመሪያ ሥራ ዘጠኝ ካሬ ይበቃል። እያንዳንዱ 10 ሴንቲሜትር ከሆነ ሦስት በሦስት ሲጋጠም 30 በ30 ሴንቲሜትር የሆነ የትራስ ፊት ይወጣል። የሕፃን ብርድ ልብስ ከፈለጋችሁ ስምንት በአሥር፣ ማለትም 80 ካሬ፣ 80 በ100 ሴንቲሜትር ይሰጣችኋል። ቀለማቱ ከብጥስጣሽ ክር የተገኙና የማይጣጣሙ ከሆኑ የሁሉንም የመጨረሻ ዙር በአንድ ቀለም ሥሩት፤ ጥቁር ወይም ወይን ጠጅ ጠርዝ የተለያዩትን ካሬዎች አንድ ቤተሰብ ያደርጋቸዋል። በጥቁር ክር መሥራት አሁን አይከብዳችሁም፣ ቀዳዳው የት እንዳለ ጣታችሁ ያውቀዋልና።

ለትልቅ ሥራ ክር ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ከሠራችኋቸው ካሬዎች ደህናውን መርጣችሁ ፍቱት። የእያንዳንዱን ቀለም ርዝመት በሜትር ለኩ፣ በካሬዎቹ ብዛት አባዙት፣ ለመገጣጠሚያ ትንሽ ጨምሩበት፣ ከዚያም በክሩ ጥቅል ወረቀት ላይ ለተጻፈው ሜትር አካፍሉት። ስንት ጥቅል እንደሚበቃችሁ ታውቃላችሁ። የምትገዙትን ሁሉ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው የማቅለሚያ ቁጥር አንድ መሆኑን አይታችሁ ግዙ፤ በተለያየ ጊዜ የተነከረ አንድ ዓይነት ቀለም ሱቅ ውስጥ አንድ ይመስልና ፀሐይ ላይ ሲወጣ ይለያያል።